ካርታው ቀደመ፣ ዘንዶው ዘገየ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ አንድ የዘንዶ ዓለም እንዴት እንደ ተፈጠረ ነው። ዘንዶ የሚበርበት፣ አስማተኛ የሚመላለስበት አገር ፈጥሬ ሦስት አራት መጽሐፍ ልጽፍበት ብሎ ያሰበ ሰው ከመካከላችሁ ካለ፣ እሱ ደግሞ ከሁሉ ቀረብ ይበል። ዘመኑን የምቆጥረው በፈረንጆች ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1964 ነው። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ ውስጥ ኡርሱላ ለግዊን የምትባል የልጆች እናት ትኖራለች። ዕድሜዋ 34 ነው፤ እንደ ደራሲ የሚያውቃት ገና ጥቂት ሰው ነው። በዚያ ዓመት «ፋንታስቲክ» የተባለ መጽሔት ሁለት አጫጭር ታሪኮቿን አወጣላት። በአንደኛው ሙታን የሚኖሩበትን ጨለማ አገር አሳየች። በሁለተኛው ዘንዶ አመጣች።

ዘንዶውን እንዴት እንዳመጣችው ልንገራችሁ። በአንዲት ትንሽ ደሴት፣ ከኮረብታ ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ አንድ ወፍራም አስማተኛ ይኖራል። ሙያው ይህን ያህል አይደለም፤ ከሰው እጅ ላይ ያጠፋው ኪንታሮት በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይወጣል። መንደርተኛው ግን ለምዶታል። አንድ ቀን ከባሕር ማዶ አንድ እንግዳ መጣ። አንድ ዘንዶ የአያቶቹን ሀብት ወስዶ ነበር፤ ከዘንዶው ላይ ደግሞ ሌላ ብርቱ አስማተኛ ነጥቆት እዚህ ተሸሽጓል ብሎ ነው የመጣው። የዚያን አስማተኛ እውነተኛ ስም በጥበብ አግኝቻለሁ ይላል። ተገናኙና ተፋለሙ። አንዱ መልኩን ሲለውጥ ሌላውም ይለውጣል፤ በመጨረሻ ወፍራሙ ሰውዬ ዘንዶ ሆነ። ያኔ እንግዳው ወደ እውነተኛ መልክህ ተመለስ ሲል ስሙን ጠራው፦ ዬቮድ! ዘንዶው ንቅንቅ አላለም። እውነተኛ መልኩ ያ ነበርና።

አያችሁ፣ በዚህች አጭር ታሪክ ውስጥ የአንድ ዓለም ሕግ ተደንግጓል። በዚያ አገር ማንኛውም ነገር እውነተኛ ስም አለው፤ ስሙን ያወቀ ነገሩን ይይዘዋል። ሰው ልጅነቱን ሲጨርስ እውነተኛ ስሙ ይሰጠዋል፤ እሱንም ለሚያምነው ሰው ካልሆነ አይናገርም፣ የሌላውንም አይጠይቅም። በእኛ አገር የክርስትና ስሙን ለማያውቀው ሰው የማይገልጥ፣ ስሜን ይዞ መተት ያሠራብኛል ብሎ የሚጠነቀቅ ሰው ስላለ ለእናንተ ይህን ማብራራት አያሻኝም።

ሦስት ዓመት አለፈ። በ1967 ሄርማን ሻይን የተባለ የበርክሊ አሳታሚ፣ ፓርናሰስ የሚባለው ማተሚያ ባለቤት፣ ለወጣቶች የሚሆን መጽሐፍ ጻፊልኝ አላት። ለወጣት ጽፋ አታውቅም፤ አመነታች። ከዚያ አንድ ጥያቄ መጣላት። በተረቱ ሁሉ አስማተኛ ማለት ጢሙ የነጣ ሽማግሌ ነው። ይህ ሽማግሌ ወጣት ሳለ ምን ነበር? ጥበቡንስ የት ተማረው? ከዚህች ጥያቄ የአስማተኞች ትምህርት ቤት ያለበት ሮክ የተባለ ደሴት ወጣ። ሃሪ ፖተር ሊታተም ያኔ 30 ዓመት ይቀረው ነበር።

እንግዲህ ወደ ሥራዋ ስትገባ መጀመሪያ ያደረገችው ካርታ መሳል ነው። ትልቅ ወረቀት ዘረጋች፤ ደሴት በደሴት አድርጋ ሞላችው፤ ለእያንዳንዱ ስም አወጣች፤ ዓለሙንም ኧርዝሲ አለችው። ሦስት ትንንሽ ደሴቶችን በልጆቿ የሕፃንነት መጠሪያ ጠራቻቸው። ኋላ ስትናገር፣ ያን ጊዜ ስለ ደሴቶቹ ከስማቸው በቀር የማውቀው አልነበረም ብላለች። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ። ዓለም ልፍጠር የሚል ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የነገሥታቱን ዝርዝር ከነዘር ሐረጋቸው፣ የጦርነቱን ዘመን ከነወሩ ጽፎ ሳይጨርስ ታሪኩን አይጀምርም። ኡርሱላ ግን የማታውቀውን ቦታ ስም ሰጥታ ተወችው። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፣ አገር አሳሽ ነኝ ትል ነበር፤ ኧርዝሲን አገኘሁት እንጂ አልሠራሁትም ማለቷ ነው። ቶልኪን ቋንቋዎቹን አስቀድሞ ፈጥሮ ነው ተናጋሪ ሕዝብ የፈለገላቸው፤ ያም መንገድ ነው። የኡርሱላ መንገድ ግን ለዘንዶዎቿ የጠቀማቸው ይመስለኛል። ምን እንደ ሆኑ ሳትወስን ስለ ጀመረች የሚሆኑትን ለመሆን ጊዜ አገኙ።

ከካርታው ጋር የወሰነችው አንድ ነገር ግን ነበር፤ የሰዉን መልክ። ጌድ የሚባለው ዋና ባለታሪክ ቆዳው ቀይ ዳማ ነው፤ የልብ ጓደኛው ጥቁር ነው። ነጮቹ በምሥራቅ ያሉት ካርጎች ናቸው፤ በመጀመሪያው መጽሐፍ የምናያቸው በመርከብ መጥተው መንደር ሲያቃጥሉ ነው። ይህ በ1968 የታተመ ነው። በ2004 አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ታሪኩን ፊልም ሲያደርገው ጌድን ነጭ አደረገው፤ እሷም ዝም አላለችም፣ በጽሑፍ ተቃወመች። የጻፈችውን ዓለም ሕግ ሌላ ሰው በቀላሉ እንዳይለውጠው እስከ እርጅናዋ ቆማለታለች።

ስለ ቤተሰቧ ትንሽ ላንሣ። አባቷ አልፍሬድ ክሮበር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ነበር፤ የካሊፎርኒያን ነባር ሕዝቦች ቋንቋና ተረት ሲሰበስብ ኖሯል። እናቷ ቴዎዶራ በ1961 ስለ አንድ ሰው መጽሐፍ አሳተመች። ሰውዬው የያሂ ሕዝብ የመጨረሻ ሰው ነበር፤ በ1911 ብቻውን ከዱር ወጣ፤ ሳን ፍራንሲስኮ ባለው ሙዚየም አምስት ዓመት ያህል ኖሮ በ1916 ሞተ። እስከ ዕለተ ሞቱ ስሙን አልተናገረም፤ በሕዝቡ ልማድ ሰው የራሱን ስም አይናገርምና። ኢሺ ያሉት ሌሎች ናቸው። ኡርሱላ የስምን ሕግ ከዚህ ወሰደች አልልም። ግን የሌላ ሕዝብን ልማድ እንደ ቀልድ የማያይ ቤት ውስጥ ያደገች ልጅ፣ ሕግ ስታወጣም ሕጉን የሚያከብሩ ሰዎችን አብራ መፍጠር ታውቅበታለች።

አሁን ወደ መጀመሪያው መጽሐፍ፣ ወደ ፔንዶር ደሴት እንሂድ። ይህን ቦታ ቀስ ብዬ ነው የምነግራችሁ።

ጌድ ገና ወጣት ነው። በትምህርት ቤት ሳለ በትዕቢት ከሙታን ዓለም አንድ ጥላ ለቅቆ፣ ጥላው ያሳድደዋል። ሥራው ትንንሽ ደሴቶችን መጠበቅ ነው፤ የደሴቶቹም ስጋት በፔንዶር ፍርስራሽ ላይ የሰፈሩት ዘንዶዎች ናቸው። ከሚመጡብኝ ልሂድባቸው ብሎ በትንሽ ጀልባ ብቻውን ቀዘፈ። ወጣቶቹ ዘንዶዎች ወጡበት፤ አንዳንዶቹን በአስማት ጣላቸው። ከዚያ አሮጌው ይውጣ ብሎ ተጣራ። የፈረሰ ግንብ ነው ብሎ ያየው ነገር ትከሻውን ነቀነቀ፤ ተፈታና ቀስ ብሎ ተነሣ። ግንብ የመሰለው ራሱ ዘንዶው ነበር።

አሁን ውጊያ ትጠብቃላችሁ። በሥዕል የምናውቀው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር የተወጋው ዘንዶ ስለሆነ፣ ጦር መጠበቃችሁ ያለ ነው። እዚህ ግን ክርክር ነው የሆነው። ዘንዶው ይናገራል፤ የሚናገረውም ዓለም በተፈጠረበት ቋንቋ ነው። ሰው በዚያ ቋንቋ መዋሸት አይችልም። ዘንዶ ግን የአፍ መፍቻው ስለሆነ ቃሉን እንደፈለገ ያጥፈዋል። የሚያሳድድህን ጥላ ስም ልንገርህ አለው። ለጌድ ከዚህ የበለጠ ሀብት በዓለም የለም፤ ስሙን ካወቀ ይድናል። ጌድም በትምህርት ቤት ያነበባቸውን የጥንት የዘንዶ ታሪኮች አገናኝቶ የገመተውን አንድ ስም ይዞ ነበር። አወጣው፦ ዬቮድ። ግምቱ ያዘ። ስሙ በእጁ ነውና አንድ ነገር ብቻ ማስማል ይችላል። የራሱን መዳን ትቶ፣ አንተም ልጆችህም ወደ ደሴቶቹ ከእንግዲህ አትበሩም ብሎ አስማለው።

ዬቮድን አስታወሳችሁት? ያው ከአራት ዓመት በፊት ወፍራም አስማተኛ መስሎ የኖረው ነው። አንባቢ አንብቦ የሚጥለው መጽሔት ላይ የወጣ ስም ነው፤ ማንም አይጠይቃትም ነበር። እሷ ግን በራሷ ቃል ታሰረች። ያልተመቻትን ደግሞ በጸጥታ ቀነሰችው፤ በመጀመሪያዋ አጭር ታሪክ ውስጥ ትሮል የሚባሉ ፍጥረቶች ነበሩ፤ በኋላ በየትኛውም መጽሐፍ የሉም። ስትጠየቅም በአንድ ዘመን ዘራቸው ጠፍቶ ይሆናል ብላለች።

ሁለተኛው መጽሐፍ በ1971 ወጣ፤ ዘንዶ ራሱ አይታይበትም። በአቱዋን በረሃ፣ ከምድር ሥር ባለ ጨለማ ውስጥ፣ በሕፃንነቷ ከእናቷ ተነጥቃ ካህን የተደረገች ቴናር የምትባል ልጅ ናት ባለታሪኳ። አቱዋን የካርጎች አገር ነው፤ ቴናር ካርግ ናት። በአንደኛው መጽሐፍ መንደር አቃጣይ ሆነው የመጡትን ሰዎች በሁለተኛው ከውስጣቸው ሆነን እናያቸዋለን። ይህ ለተከታታይ ጸሐፊ ከባዱ ድፍረት ነው፤ አንባቢ የወደደውን ዘንዶና ባሕር ትቶ የጠላቱ ልጅ ጋ መቀመጥ። ያለዚህች ልጅ ግን ኋላ የሚመጣው ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሦስተኛው በ1972 ወጣ፤ በማግስቱ ዓመት የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት በልጆች መጻሕፍት ዘርፍ አገኘ። እዚህ ዘንዶዎቹ ተመለሱ፤ ግን ታመው። አንድ አስማተኛ በሞት ላይ ቀዳዳ ከፍቶ ዓለሙ እየፈሰሰ ነው። ዘንዶዎቹ ንግግር ጠፋባቸው። የፍጥረት ቋንቋ የአፍ መፍቻቸው የነበረ እነሱ እንደ እንስሳ እርስ በርስ ይባላሉ። ጌድ ቀዳዳውን ለመዝጋት ኃይሉን ሁሉ አሟጠጠ። ካሌሲን የተባለው እጅግ ሽማግሌ ዘንዶ በጀርባው አዝሎት ወደ ትውልድ ደሴቱ ወሰደው። ከዚያስ? ደራሲዋ ሁለት ወሬ አስቀመጠች፤ አንዳንዶች ጌድ በአዲሱ ንጉሥ የዘውድ በዓል መጥቶ ከዚያ በጀልባ ጠፋ ይላሉ፤ በእሱ አገር ያሉ ግን አልመጣም ነው የሚሉት። የትኛው እውነት እንደሆነ ሳትፈርድ ዘጋችው። ብዙ አንባቢ ተከታታዩ እዚህ ያለቀ መሰለው።

18 ዓመት አለፈ። 

ያን ሁሉ ዘመን ያቆያት ምን ነበር? በመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ነገር አለ። በጌድ አገር የሴት አስማት ደካማም ክፉም ነው ተብሎ ይተረታል። የሮክ ትምህርት ቤት ሴት አይቀበልም። በ1968 ስትጽፈው የጀግና ታሪክ እንደዚያ ይጻፍ ስለነበር አልጠየቀችውም። ዓመታት ሲያልፉ ጥያቄው መጣ። እንግዲህ የታተመ ነገር ላይ ጥያቄ ሲመጣባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? አንዱ እንደገና አርሞ ያሳትማል፤ ሌላው እንዳላየ ያልፋል። እሷ ቃሉን እንዳለ ተወችውና፣ ይህን ያለው ማን ነው ብላ ጠየቀች። ተረቱ ያገሩ ሰው ተረት ነው፤ ያገር ሰው ደግሞ ሊሳሳት ይችላል።

በ1990 «ቴሃኑ» ወጣ። ቴናር ባሏ የሞተባት፣ ልጆች ያሳደገች የገጠር ሴት ሆናለች። አንዲት ሕፃን እሳት ውስጥ ተጥላ ፊቷና እጇ ተቃጥሎ ታገኛለች፤ ወስዳ ታሳድጋታለች። ጌድ በዘንዶ ጀርባ ይመጣል፤ ኃይል የሌለው፣ የሚያፍር፣ ፍየል የሚጠብቅ ሰው። ከሁለቱ ወሬ የአገሩ ሰው ያለው እውነት ነበር ማለት ነው። ብዙ አንባቢ ከፋው፤ ጀግናችንን አዋረደችብን አለ። እኔ ግን ከሁሉ መጻሕፍቷ ይህን እመርጣለሁ። ዘንዶዎቿ ምን እንደሆኑ የተገለጠው እዚህ ነውና።

አገላለጧንም ስሙ። የጌድ መምህር የነበረው ኦጊዮን ለቴናር ይነግራታል። ኬማይ በምትባል መንደር የምትኖር አንዲት ዓሣ አጥማጅ እንግዳ የሆነ መዝሙር ታውቃለች ሲባል ሰምቶ ሄደ። በሩን አንኳኳ። በሩ ሲከፈት ለቅጽበት ዘንዶ አየ፤ ወርቅማ ቅርፊትና እሳት። ዓይኑን ሲመልስ ደጃፉ ላይ የቆመችው አሮጊት ናት። አስገባችው፤ አበላችው፤ መዝሙሩንም አዜመችለት። በመጀመሪያ ሰውና ዘንዶ አንድ ሕዝብ ነበሩ ይላል መዝሙሩ። ክንፍም ቃልም ነበራቸው። እያደር አንዳንዶቹ መብረርን ወደዱ፤ ዱር ሆኑ። አንዳንዶቹ ማከማቸትን፣ መሥራትን፣ መማርን ወደዱ፤ ክንፋቸው ቀረ። ተለያዩ። ግን አልፎ አልፎ ሁለቱንም የሆነ ሰው ይወለዳል። ያቺ የተቃጠለች ልጅ በመጨረሻ ካሌሲንን በስሙ ጠርታ ስታመጣው፣ ካሌሲንም ልጄ ብሎ ሲጠራት፣ የአሮጊቷ መዝሙር ተረት አለመሆኑን እናውቃለን።

ተመልሳችሁ አንደኛውን መጽሐፍ ብታነቡ ይህ ሁሉ እንደ ታቀደ ይመስላችኋል። ዘንዶ ለምን የሰው ቋንቋ ሥር የሆነውን ቋንቋ ይናገራል? ለምን ሀብት ያከማቻል? ለምን ዘንዶ በሰው መልክ መኖር ቻለ? መልሱ ለጥያቄው ልክክ ይላል። ጥያቄውን ስትጽፍ ግን መልሱ አልነበራትም። ያላት ነገር በጥንቃቄ የተጻፈ፣ ያልፈረሰ ሕግ ነበር።

በ«ቴሃኑ» ሽፋን ላይ የኧርዝሲ የመጨረሻ መጽሐፍ ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ አልሆነም። በ1998 ሴት የማይገባበትን የሮክ ትምህርት ቤት በር ስላንኳኳች አንዲት ልጅ አጭር ታሪክ አወጣች፤ ልጅቱም ሰውም ዘንዶም ናት። በ2001 ይህንና ሌሎችን ይዞ የታሪክ ስብስብ ታተመ። ለዚህ ስብስብ ስትል የራሷን ዓለም እንደ መዝገብ ቤት ገብታ መረመረች፤ የሮክ ትምህርት ቤት እንዴት ተመሠረተ፣ ሴቶቹስ መጀመሪያ ነበሩ ወይ? ነበሩ። በስተ ኋላ ነው የተባረሩት። በመጽሐፉም መጨረሻ ስለ ሕዝቦቹ፣ ስለ ቋንቋዎቹ፣ ስለ ዘንዶዎቹ መግለጫ አስቀመጠች። ጀማሪው በመጀመሪያ ቀን የሚጽፈውን እሷ ከመጀመሪያው መጽሐፍ 33 ዓመት በኋላ ጻፈችው።

በዚያው ዓመት የመጨረሻው ልቦለድ «ሌላኛው ነፋስ» ወጣ። በ1968 በወጣው መጽሐፍ ጌድ አንድ የታመመ ሕፃን ሊያድን ሲከተለው ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ ተሻግሮ ነበር፤ ከካቡ ወዲያ የሙታን ደረቅ አገር ነው። በሦስተኛውም መጽሐፍ ያ አገር አለ፤ ፍቅረኛሞች በመንገድ ተላልፈው የማይተዋወቁበት። በመጨረሻው መጽሐፍ አንድ ሸክላ ጠጋኝ የሞተች ሚስቱን በሕልሙ በዚያ ካብ ላይ ያያታል። ካቡን ማን ሠራው ተብሎ ተጠየቀ። የጥንት አስማተኞች ሞትን ለማምለጥ ከዘንዶዎቹ ምዕራብ ሰርቀው ያጠሩት ነው። ካቡን ያፈረሱትም ጠጋኙ፣ የተቃጠለችው ልጅ፣ የሮክን በር ያንኳኳችው ሴትና ሌሎችም አንድ ላይ ሆነው ነው። አስማተኞቹ ብቻቸውን አልቻሉትም። የካርግ ንጉሥ ልጅም እዚያ አለች፤ አስማተኞቹ ሙታን እንዴት እንደሚኖሩ ሲከራከሩ፣ ሙታንማ እንደገና ይወለዳሉ የሚል የአገሯን እምነት ይዛ የመጣች።

ኡርሱላ ለግዊን በጥር 2018 በ88 ዓመቷ አረፈች። ከዚያ በፊት አራት ዓመት ያህል ቻርልስ ቬስ ከሚባል ሠዓሊ ጋር ስትጻጻፍ ቆይታለች፤ ሁሉንም መጻሕፍት በአንድ ጥራዝ ከነሥዕላቸው ለማውጣት። ዘንዶው ምን እንደሚመስል እየሣለ ይልክላታል፣ ትመልስለታለች፣ ያርማል። ጥራዙ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወጣ።

የምታነቡ ሰዎች ግን በታተሙበት ቅደም ተከተል አንብቡ። በዘመን ቅደም ተከተል ይሻላል ብሎ ከሮክ አመሠራረት የሚያስጀምራችሁን ሰው አትስሙት። ቴሃኑን ከሦስተኛው በፊት አትክፈቱ። ከሦስተኛው በኋላም ወዲያው አትክፈቱ፤ ጥቂት ቆዩ።